በጨምበላላ ቀን የደገስኩት ልደት

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወራ ይውላል። «ከምግብ በኋላ ይውሰዱት»፣ «ተሽሎኛል ብለሽ እንዳታቋርጪው»፣ «ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጠው» እያልኩ ከጠዋት እስከ ማታ አፌ አያርፍም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ከአንድም ሰው ጋር እንዳልተጫወትኩ ይታወቀኛል። ሰው እንዲህ ሆኖ ዓመት ሊከርም ይችላል፤ እኔ ከዚያም በላይ ከርሜያለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር የገጠመኝ በዚያ ጊዜ ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ያረፈችው ልጃችን ህሊና ገና አፏን ስትፈታ ነበር። ከዚያ በኋላ አጽናኝ በዛብኝ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ፣ እጄን ይዞ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ይቆማል። ደግ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን አልቻልኩም። ማንም የማያውቀኝ ከተማ አማረኝ። ሀዋሳ ውስጥ አንድ የግል መድኃኒት ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁና ሻንጣዬንና ልጄን ይዤ ወረድኩ። የፈለግሁትንም አገኘሁ። አዲስ ከተማ በሚባል ሰፈር የራሷ የቆርቆሮ በር ያላት ጠባብ ግቢ ተከራየሁ፤ ማንም አያውቀኝም፣ ማንንም አላውቅም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ላይ ብቅ እያሉ «እንዴት ናችሁ? ለመዳችሁ?» ይሉ ነበር። እኔ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ በሩን መለስ አደርጋለሁ። እየቆዩ እነሱም ተዉኝ። አልፈርድባቸውም።

ህሊና ቤት ውስጥ ወሬኛ ናት። ሰው ካጣች ከጫማዋ ጋር ታወራለች፤ የቀኙ ጫማ የግራውን እንዳስቀየመው፣ እንዴት እንዳስታረቀቻቸው ራት ላይ ትነግረኛለች። ጠዋት ሥራ ስሄድ የምትይዛት ብርቱካን የምትባል የወላይታ ልጅ ነበረች፤ እሷም «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ጆሮዬን በላችው» ትለኛለች። እኔም ስለዚህች ልጅ ምላስ አንድም ቀን ተጨንቄ አላውቅም።

ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ሚስ ታደለች አስጠርታኝ «የህሊና አባት፣ ልጅዎ ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም» ስትለኝ ሳቅሁ። ከሌላ ልጅ ጋር ተምታቶባታል ብዬ ነው። እሷ አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ወሰደችኝና አሳየችኝ።

የዕረፍት ሰዓት ነበር። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ። ህሊና ግድግዳውን ተደግፋ፣ ምሳ ዕቃዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ ታያቸዋለች። ልብ ብዬ ሳያት ከንፈሯ ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለም። አንድ ልጅ ሮጦ ሊመታት ሲል ጓደኛው «ተዋት፣ ዱዳዋ ናት» አለው። እንዲህ ያለው ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ስሟ መስሎት ነው።

ሚስ ታደለች ነገሩን ሳትደብቅ ነገረችኝ። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ መምህር ፊት ቆመው ፊደል ይጠራሉ። ህሊና አፏን ካልከፈተች እዚያው ክፍል ከታናናሾቿ ጋር እንድትደግም ርዕሰ መምህሩ ወስኗል። ታደለች የፈራችው መድገሙን አይደለም። ጓደኞቿ አልፈዋት ሲሄዱ ይህች ልጅ ጨርሳ እንዳትዘጋ ነው የፈራችው።

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ሽሮፕ ያለው ነገር መስሎኝ ሳይሆን አይቀርም፣ እስክሪብቶዬን ሁሉ አውጥቼ ነበር።

«አይግፏት» አለችኝ። «ተናገሪ አይበሏት፣ ለምን ዝም አልሽ ብለውም አይቆጧት። ቤቷ ታወራለች አላሉኝም? እንግዲያው ልጆቹን ወደ ቤቷ ያምጡላት። አንድ ልጅም ቢሆን ይበቃል። ደስ በሚላት ቦታ ከአንዱ ጋር ከጀመረች ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል። የሚያውቁት ቤተሰብ ልጅ የለም?»

አለ አልኳት። ውሸቴን ነው። ከዚያ ወጥቼ ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ እስከ ሥራዬ ሄድኩ። በዚህች ሁሉ ከተማ ውስጥ «ልጅህን ቅዳሜ ወደኛ ላካት፣ ከልጄ ጋር ትጫወት» የምለው አንድ ሰው አልነበረኝም። ብቸኝነቴን እስከዚያ ቀን ድረስ የራሴ ጉዳይ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ለካ ልጄም ስትካፈለኝ ኖራለች።

መላ ያገኘሁት ከልደቷ ነው። አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር። ልደት ከሆነ ሰውን ለመጥራት ዝምድና አያስፈልግም፣ የክፍል ልጅ መሆን ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት ብዬ ካርድ ገዛሁና በሚስ ታደለች በኩል ለጥቂት ልጆች ሰጠሁ። ህሊናን ማታ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «ሲመጡ ምን እላቸዋለሁ?» አለችኝ። ምንም ባትይም ይመጣሉ አልኳት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፍቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ቀኑ የተቆረጠ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ኮከቡንና ጨረቃውን አይተው ነው ቀኑን የሚያስታውቁት። እኔ ካርዱን ከበተንኩ በኋላ ሽማግሌዎቹ አስታወቁ። ፍቼ ዓርብ ማታ ሆነ፣ ማግስቱ ቅዳሜ ደግሞ የአደባባዩ በዓል፣ ጨምበላላ። ወሬውን ከመድኃኒት ቤቱ ሬዲዮ ሰማሁና እንዲያውም ደስ አለኝ። በዓል ነው፣ ልጆቹ ትምህርት የላቸውም፣ ወላጆቻቸውም ቤት ናቸው። ሚስ ታደለች በር ላይ አግኝታኝ «ቀኑ እኮ ጨምበላላ ላይ ዋለ፣ ሰው ወደ ዘመድ ይሄዳል» ብላኝ ነበር። እኔም በልበ ሙሉነት «ጠዋት ጉዱማሌ አደባባይ ወጥተው ከሰዓት ይመለሱ የለ?» አልኳት። በእኔ ቤት በዓሉን በደመራ መለካቴ ነው፤ ሰው አደባባይ ይወጣል፣ ያያል፣ ይመለሳል፣ አለቀ። ታደለች ፈገግ ብላ «እሺ፣ መልካም ልደት» አለችኝ። ይሉኝታ ይዟት ነው። እኔ ደግሞ ፈገግታዋን የፈቃድ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ገና በማለዳ ተነሳሁ። ብርቱካን ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። ፊኛ እየነፋሁ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ፈንዲሻ አፈነዳሁ፤ ግማሹን አሳረርኩና እንደገና አፈነዳሁ። የፕላስቲክ ወንበሮች ተከራይቼ አምጥቼ በረንዳው ላይ ደረደርኩ። ኬኩ በባጃጅ መጣ። ከዋናው መንገድ ወደ ጉዱማሌ የሚጎርፈው ሕዝብ የሚያዜመው የበዓሉ ዜማ፣ ቄጣላ፣ እስከ ግቢያችን ይሰማል፤ ብዙ ሺህ ጉሮሮ ባንድ ላይ። ህሊና መሀል ግቢ ቆማ ታዳምጣለች። እንሂድና እንይ ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፣ እዚሁ ይመጡልሻል» አልኳት።

ፀጉሯን መሥራት የብርቱካን ሥራ ነው። ያን ቀን እኔ ሞከርኩ። ሹሩባ ልሠራላት ጀምሬ ሦስቱ ዘለላ እጄ ላይ እየተፈታ ሲያስቸግረኝ ወደ ኋላ ሰብስቤ በላስቲክ አሰርኩት። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ግራና ቀኝ አየችና «ደህና ነው» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት፣ ነጭ ጫማዋን አደረግሁላት፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የቀጠሮው ሰዓት ስምንት ነበር። ስምንት ሰዓት ሆነ። አበሻ ነን፣ ሰዓት አናከብርም ብዬ አልተጨነቅሁም። ትንሽ ቆይቶ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ መንገዱ አየሁ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም። ዘጠኝ ሆነ። ፈንዲሻው ላይ ዝንብ እንዳያርፍ ጨርቅ ደረብኩ። ኬኩ በሙቀቱ ጎኑ መቅለጥ ሲጀምር ወደ ውስጥ አስገባሁት። ህሊና ከወንበሯ አልተነሳችም። እግሯ መሬት አይደርስም፣ አንዴም አላወዛወዘችውም፤ ነጩን ጫማ እንዳታቆሽሽ ተጠንቅቃ ነው።

ከወላጆቹ የአንዷ ስልክ ነበረኝ። ጓዳ ገብቼ ደወልኩ። ከጀርባዋ የሰው ጫጫታና የከብት ድምፅ ይሰማል። «ውይ፣ የህሊና አባት፣ ይቅርታ» አለችኝ። «እኛ አለታ ወንዶ ነን፣ አያታቸው ዘንድ። ዛሬ ጨምበላላ አይደል? ከተማ ማን ይቀራል?» ከልቧ ደንግጣ ነው የተናገረችው። እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ዘጋሁት። ማን ይቀራል ያለችው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ቀርቻለሁ፣ ልጄ ቀርታለች።

በጓዳው መስኮት አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኝ እንደተቀመጠች ናት። ባዶ ወንበሮቹ በግራና በቀኟ ተደርድረዋል። እናቷ ብትኖር ይህ አይሆንም ነበር፤ እናቷ ገበያ ሄዳ ከማታውቃት ሴት ጋር ተቃቅፋ የምትመለስ ሰው ነበረች። ካረፈች ወዲህ የዚያን ቀን ያህል ናፍቃኝ አታውቅም። ሆድ ባሰኝ። ፊቴን ታጥቤ፣ ልጄ ዓይንህ ለምን ቀላ ብትለኝ በሽንኩርት ላሳብብ ብዬ አንድ ራስ ሽንኩርት በከንቱ ልጬ ወጣሁ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ የቀሩት እኔ ስለማላወራ ነው?»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬ በደንብ አላስታውስም። በዓል ነው፣ አያታቸው ጋ ሄደው ነው፣ ወደውሽ ነው ያልኳት ይመስለኛል። እውነት ነበር፣ ግን ውሸት ይመስል ነበር። እሷም እንደ ትልቅ ሰው አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ለካ ልጄ ዝምታዋን ታውቀው ኖሯል። ማንም ሳይነግራት ጥፋት መሆኑን ደምድማ፣ ቅጣቱ ምን እንደሚሆን ስትጠብቅ ነበር የከረመችው። ዛሬ የመጣባት መሰላት።

እንግዲህ ሻማውን ሁለታችን እናጥፋው ብዬ ስነሳ ነው በሩ የተደበደበው።

ማንኳኳት አልነበረም፤ የቆርቆሮው በር በብዙ መዳፍ ነበር የሚመታው። መጡ ብዬ ሮጥኩ። ስከፍት አንዳቸውንም አላውቃቸውም። የሰፈር ልጆች ናቸው፣ በሩን ሞልተውታል። ፀጉራቸው በቅቤ ርሶ በፀሐዩ ያብረቀርቃል፣ ቅቤው በግንባራቸው እየወረደ ነው። ከፊት የቆመችው አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ናት። ኋላ ስሟ ዱካሌ መሆኑን አወቅሁ። ሁሉም ባንድ ድምፅ ጮኹ።

«አይዴ ጨምበላላ!»

ከዚያ ያዩኝ ጀመር። አንድ ነገር እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ትዝ ያለኝ ሆያ ሆዬ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ብር አወጣሁ። ልጆቹ ብሩን አዩት፣ እርስ በእርስ ተያዩ፣ ማንም እጁን አልዘረጋም። አንድ ትንሽ ልጅ ግራ ገብቶት ጣቱን ጎረሰ። ዱካሌ እንደገና፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር ቀስ አድርጋ፣ «አይዴ ጨምበላላ» አለችኝ። መልስ አለው ማለት ነው። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ለማንም የማወራ ሰውዬ እጄ ላይ ብር ይዤ፣ የገዛ በሬ ላይ ዱዳ ሆኜ ቆምኩ። ያቺን የትምህርት ቤት ግድግዳ ያን ጊዜ ተረዳኋት። ሁሉም ያያችኋል፣ ሁሉም የሚያውቀውን አታውቁም፣ በቆያችሁ ቁጥር አፋችሁ ይከብዳል።

ከወገቤ በታች፣ ከኋላዬ፣ ድምፅ ተሰማ።

«ኢሌ ኢሌ።»

ቀጭን ድምፅ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ተንቀጥቅጧል። ዞር አልኩ። ህሊና የሱሪዬን ጫፍ ይዛ ቆማለች። የምታየው እኔን አይደለም፣ ዱካሌን ነው። ዱካሌ ምን እንደተፈጠረ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፤ ለእሷ ቤቱ መልሱን መለሰ፣ ያ ብቻ ነው። ፍንጭቷን እያሳየች ሳቀችና እንደገና ጮኸች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ህሊናም ከፍ አድርጋ «ኢሌ ኢሌ!» አለች። በሁለተኛው ላይ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። መልሱ የዘንድሮው አልፎ ለከርሞው ያድርሰን ማለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሚስ ታደለች ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስታስጠናቸው ኖራለች። ሁሉም ሲያጠና ህሊና ዝም ብላለች፣ ግን ስትማር ነበር።

ለልቅሶም ለሳቅም ጊዜ አላገኘሁም። ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። በዚያ ቀን ልጅ በየቤቱ እየዞረ እንኳን አደረሳችሁ ሲል ቤተኛው ያበላዋል፣ ቅቤም ይቀባዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ወንበር ደርድሬ፣ ፈንዲሻ አፈንድቼ፣ ኬክ አስመጥቼ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። አንዱ «ቡሪሳሜ የለም?» ብሎ ጠየቀ፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራው የበዓሉ ምግብ ነው። ዱካሌ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ኬክ አለ አለችው። ኬኩ አነሰ፣ በጣት በጣት ተዳረሰ። ፊኛዎቹ አንድ በአንድ ፈነዱ። ዱካሌ ቅቤ ስትጠይቀኝ ከጓዳ ያለኝን አመጣሁ። አሸተተችውና «ጋሼ፣ ይሄ የወጥ ነው» አለችኝ። ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ነበር። ቢሆንም ትንሽ ነካ አድርጋ ያን በላስቲክ ያሰርኩትን ፀጉር ፈታችው፣ ቀባችው፣ ከዚያም ቁጭ አድርጋ በፍጥነት ጎነጎነችው። ህሊና ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ሰጥታታለች። የማታውቃት ሰው እንድትነካት ስትፈቅድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሊሄዱ ሲነሱ ዱካሌ ህሊና ትምጣ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የቀሩት የዚሁ መንገድ ቤቶች ብቻ ናቸው አለች። ህሊና ቀና ብላ አየችኝ። እጄን ለቃ ከበር ወጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። እምቢ የሚያሰኝ ብዙ ነገር ነበረኝ። «ሂጂ» አልኳት። ሄደች። ነጩ ጫማ ከሌሎቹ እግሮች መሀል ጥቂት ጊዜ ታየኝ፣ ከዚያ ጥጉን ዞረ።

በሩ ላይ ቆየሁ፣ ከዚያ ገብቼ ወንበሮቹን ሰበሰብኩ። የዚያን ቀን ያህል ቤቴ ጸጥ ብሎብኝ አያውቅም። የለመንኩት ነገር ተሰጥቶኝ፣ ተሰጥቶኝም ብቻዬን ቀረሁ። የፈሰሰውን ፈንዲሻ ጠረግሁ። ፀሐዩ ከግቢው ወጥቶ አጥሩ ላይ ደረሰ፣ እሷ አልተመለሰችም። የዚሁ መንገድ ቤቶች ብቻ ብላኝ አልነበረም? ልጄ ብትወድቅ፣ ቢጠፉባት፣ ለማን ትናገራለች? ስሟን እንኳ ለሰው መንገር የማትችል ልጅ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር ሰድጄ ወንበር እሰበስባለሁ። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ከፊት ለፊታችን ያለውን ቤት አንኳኳሁ። ከዓመት በላይ በየቀኑ ሳየው ከርሜ አንድም ቀን አንኳኩቼው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ልጄን አይተዋል ወይ ልል አስቤ ከአፌ የወጣው «አይዴ ጨምበላላ» ነው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

«ኢሌ ኢሌ» አሉኝ። «ግባ።»

ልጄ ጠፍታብኝ ነው፣ አልገባም አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። «ዛሬ ልጅ አይጠፋም። ዛሬ የሁሉም ቤት ቤቱ ነው» አሉኝና ወደ ውስጥ ሳቡኝ። የዱካሌ አያት ናቸው። ልጆቹ ከእሳቸው ቤት በልተው ወደ ታች እንደወረዱ ነገሩኝ። ከሰፊው የሸክላ ገበታ ቡሪሳሜ አንስተው አጎረሱኝ። ቅቤውን በመዳፋቸው ወስደው መሀል አናቴ ላይ አሳረፉት። ሞቃት ነበር፣ ወደ ጆሮዬ ወረደ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ራሴን በእጁ የነካኝ ሰው አልነበረም።

«መድኃኒት ቤት ያለኸው አንተ አይደለህ?» አሉኝ። «ልጅህን እናውቃታለን። ልጆቹ እዚህ ሲጫወቱ በበራችሁ ሥር ተኝታ ታያቸዋለች። ጣቶቿ ይታዩናል።» ወቀሳ አልነበረም። የሚያውቁትን ነው የነገሩኝ። እኔ የማላውቀውን ነበር።

በየቤቱ እንዲህ ሆነ። «አይዴ ጨምበላላ» እላለሁ፣ አሁን ወጡ ይሉኛል፣ ሳልቀምስ ግን አያሳልፉኝም። ልጁን የሚፈልግ አባት አፉ ምግብ ሞልቶ፣ ቅቤው ወደ ሸሚዙ እየወረደ ሲሮጥ አስቡት። ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የመንገዱ መጨረሻ ላይ ስደርስ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት።

አንድ ትልቅ አረንጓዴ በር ፊት ቆመዋል። ህሊና ከዱካሌ ጎን ናት። ነጩ ቀሚስ ነጭ መሆኑ ቀርቷል፣ አንዱ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቷል። በሩን በሁለት መዳፏ ትደበድባለች፣ «አይዴ ጨምበላላ!» ስትል የአንገቷ ሥር ይወጣጠራል። ልጠራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። መብራት ምሰሶው ጋ ቆሜ አዳምጣት ጀመር። ይህን ድምፅ ቤት ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲሰማው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቆይታ ዞር ስትል አየችኝ። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት፣ በሩን ከፍተው በወጡት ሰዎች ፊት፣ ጣቷን ቀስራ ጮኸች።

«አባዬ! አንተንም ቀቡህ?»

ሰኞ ትምህርት ቤት ተአምር የጠበቀ አንባቢ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ሰኞ ዝም አለች። ማክሰኞም። ሚስ ታደለች ግን ሁሉን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አይቸኩሉ አለችኝ። ዱካሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች፣ አንዳንዴም ታናሾቿን እያስከተለች ግቢያችንን ሰፈር አደረገችው። ታደለችም አንድ ቀን ከክፍላቸው አንዷን ልጅ ይዛ መጣች፤ ህሊና ጫማዎቿን እንዴት እንዳስታረቀቻቸው ነገረቻት። ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች። ከሳምንታት በኋላ ህሊና በልጅቷ ጆሮ አንሾካሾከች፣ ቀጥሎም በታደለች ጆሮ። ፊደል የምትጠራበት ቀን ሲደርስ ያቺ ጓደኛዋ እጇን ይዛላት ቆመች። ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር አያልፍም ነበር አሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን ሰምቷታል፣ አለፈች።

መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝና ምክር መስጠት ይቀናኛል። እዚህ ግን ከምግብ በፊት ወይም በኋላ የምለው ነገር የለኝም። ልጃችሁ ሰው እንዲለምድ፣ እንዲጫወት፣ በክፍሉ እንዲናገር የምትመኙ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «ልጄ ዓይን አፋር ናት፣ ቪታሚን ይኖራል?» የምትሉኝ አላችሁ። እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። የእናንተን በር ማን ያንኳኳል? ስትሰሙትስ ማን ብላችሁ ነው የምትከፍቱት? ዝም ያለች ልጅ ባዶ አይደለችም፣ እየሰማች ነው። ከእኛ የምትሰማው ግን በሩ ሲዘጋ ብቻ ከሆነ ሌላ ምን ትማራለች?

ዘንድሮ ጨምበላላ ሲታወጅ ቅቤዬን አስቀድሜ ገዛሁ፣ ኮረሪማ የሌለበትን። የዱካሌ አያት ቡሪሳሜ እንዴት እንደሚሠራ ቆመው አሳዩኝ፤ የሠራሁትን ቀምሰው ብዙ አላመሰገኑኝም። ህሊና ጠዋት ከዱካሌ ጋር ወጥታ ሄደች። ቤቴ እንደገና ጸጥ አለ፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ጸጥታው ይከብደኛል፤ ባለቤቴም ዛሬም ትናፍቀኛለች። ገበታውን አቅርቤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከሰዓት ላይ በሩ በብዙ መዳፍ ተደበደበ። ከፍቼ ሳይ ከፊት የቆመችው የራሴ ልጅ ናት። የቤቷን በር እንደ ሰው በር ደብድባ፣ ቅቤው በግንባሯ እየወረደ፣ ያን ሁሉ ልጅ ከኋላዋ አሰልፋ፣ እንደማታውቀኝ ሆና ኮስተር ብላ ቆማለች።

«አይዴ ጨምበላላ!» አለችኝ።

መልሱን እየጠበቀች ነበር። መለስኩላት።